የፍልሰታው ወተት

በ1970 ዓ.ም. ረመዳንና ጾመ ፍልሰታ በሁለት ቀን ልዩነት ተከታትለው ገቡ። ባሕር ዳር ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ ወቅት ጾመኛ ሆነና፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያሉት ሻይ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ወንበራቸው ባዶ ውሎ ጣሪያቸውን ዝናብ ብቻ ሲደበድበው ይውል ነበር። የብርጓል የምትባለውን ሴት ስሟ የከበዳት ያን ሰሞን ነው።

የብርጓል አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላትም፤ በስፌት መኪናዋ የሴት ቀሚስ እየሰፋች ትተዳደራለች። የሰፈሩ ሰው ግን የሚያውቃት በስፌቷ ሳይሆን በጾሟ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ በሁዳዴማ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ውኃ እንኳ አይቀርባትም። በየወሩ በዐሥራ ስድስት የሚሰበሰበው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴም እሷ ናት። ማኅበርተኞቹ ሲጣሉ የምታስታርቅ፣ ሲያጠፉ የምትገሥጽ፣ ጽዋው ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የምታውጅ እሷ ናት ማለት ነው። አንዳንዶቹ “ያልቆበችው እማሆይ” ይሏታል። ይህን ስትሰማ “ተዉ እናንተ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ” ትላለች፤ ግን ደስ ይላታል። ደስ እንደሚላትም ራሷ ታውቃለች።

ስሟ በይበልጥ የገነነው ባለፈው ዓመት ነበር። የቀበሌው ካድሬ በእሑድ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ ስብሰባ ይጠራ ጀመር። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ በዚያ ዘመን ስም መመዝገብ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ሰው አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት የብርጓል ተነሥታ፣ ስብሰባውን እንደማትጠላ፣ ነገር ግን ቅዳሴ ጨርሳ እንደምትመጣ፣ ካስፈለገም እስከ ማታ እንደምትቀመጥ ተናገረች። ካድሬው አፈጠጠባት። ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ አልነካትም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስብሰባው ወደ ከሰዓት ዞረ። ከዚያ ወዲህ የብርጓል የአንዲት ሴት ስም መሆኑ ቀረ። “የብርጓል እያለች” እየተባለ ሰው ልቡን የሚያጠናበት ስም ሆነ።

ሰኔ ላይ ሆዷን ያማት ጀመር። ተራ ቁርጠት መስሏት ጤና አዳም እየጨመቀች ጠጣች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን አንድ ጧት ደም አስመለሳት፤ ፈርታ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ጨጓራዋ መቁሰሉን ነገራት። ኪኒን ሰጣትና፣ ባዶ ሆዷን እንዳትውል፣ ጧትም ማታም ወተት እንድትጠጣ፣ ይህን ካላደረገች ቁስሉ ተበስቶ ሊገድላት እንደሚችል ረጋ ብሎ አስረዳት። የብርጓል ጾም እየገባ መሆኑን ነገረችው። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ እሱ የሚያውቀው መድኃኒቱን እንደሆነ፣ የጾሙን ነገር የነፍስ አባቷን ብትጠይቅ እንደሚሻል አክብሮ መለሰላት።

አልጠየቀችም። የነፍስ አባቷ መምሬ አዘዘ የሚኖሩት ከሐይቁ ባሻገር ዘጌ ላይ ነው። ክረምት ነው፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ታንኳ እንደ ልብ አይገኝም እያለች ለራሷ ምክንያት ሰጠች። እውነቱ ሌላ ነበር። ፈቃድ ቢሰጧት በግልጽ ልትጠጣ ነው። ያልቆበችው እማሆይ፣ ሕፃናት እንኳ በሚጾሙት በፍልሰታ፣ ወተት ልትጠጣ! ይህን ሰው ከሚያይባት ሞት የሚሻላት መሰላት። ሞትን ደግሞ ፈራች። እንግዲህ የቀራት ተደብቆ መጠጣት ነበር፤ እሱን ያዘች።

ወተቱን የምታመጣላት ዘይነት ነበረች። ዘይነት ከአጥር ወዲያ ያለች የረጅም ዘመን ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ ኢስሀቅ ታንኳ ይሠራል፣ ዓሣም ያጠምዳል፤ እሷ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሏት። በክርስቲያን ጾም ወተት ፈላጊ ስለማይኖር ዘይነት ወተቷን እየናጠች ቅቤ ታደርገው ነበር። የብርጓል ለመነቻት፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሻሿ ስር ሸፍና እንድታመጣላት። ዘይነት ነገሩ አልገባትም። የታመመ ሰው ምን ያሳፍረዋል ብላ ጠየቀቻት። የብርጓል “የእኛን ሰው አታውቂውም” አለቻት። ዘይነት ያን ሰው ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን አልተከራከረችም።

የብርጓል ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል፣ አንዲት ክፍል ቤት አለች። በትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌው ወስዷት አደይ የምትባል ወጣት ሴት አስገብቶባታል። አደይ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአምስት ወር ልጅ ታጠባለች። ወደ ማኅበሩ የገባችው በሞተችው አማቷ ምትክ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጽዋውን ተቀብላ የመስከረሙን ማኅበር በቤቷ ልታወጣ ተራዋ ደርሷል፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ በሰላም እንዲመለስ ተስላ ስለነበር ብቅሉንም ጌሾውንም ገና በሐምሌ አዘጋጅታ ጨርሳለች።

ሁለቱ ሴቶች የሚገቡበትም የሚወጡበትም በር አንድ ነው። ነገር የመጣውም በዚያ በር ነው።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይወርቅ የምትባል ማኅበርተኛ በማለዳ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ዘይነት የወተት ቅሏን ይዛ ከዚያ በር ስትወጣ አየቻት። ፀሐይወርቅ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ያየችውን ነገር በሆዷ ማሳደር አይሆንላትም። ወተቱ ለማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ዘይነት “የጠጣውን ጠይቂ” ብላ አለፈች። ፀሐይወርቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። በዚያ ግቢ ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ የብርጓል ናት። ታዲያ ማን ይቀራል?

እሑድ ነሐሴ ሰባት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማኅበርተኞቹ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ከአንድ ዋርካ ስር ቆሙ። ዐሥር ያህል ሴቶች ነበሩ። ፀሐይወርቅ ያየችውን ተናገረች። አደይ ልጇን እንዳዘለች ሰማች። ሴቶቹ ነገሩን ተቀባበሉት፤ በፍልሰታ ወተት የጠጣ የእመቤታችንን ጽዋ እንዴት ይሸከማል፣ ዛሬ ይህ በዝምታ ቢታለፍ ነገ ካድሬው ሰምቶ ምን ይለናል፣ ተባባሉ። አደይ አልጠጣሁም አለች። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። አልማለችም፣ አላለቀሰችም።

ከዚያ ሁሉም ወደ የብርጓል ዞሩ።

“አንቺ ባንድ ግቢ ነሽ” አለች ፀሐይወርቅ። “አንቺ ያልሽውን እንቀበላለን።”

የብርጓል ቀና ስትል አደይ ታያታለች። የአደይ ዓይን አይለምንም፣ አይከስስም፤ ይጠብቃል ብቻ። እኔ ነኝ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዐሥር ሴቶች አፍ አፏን ሲያዩ ግን፣ ያ ሁሉ ክብር ባንድ ቃል መሬት ሲፈስ ታያትና ቃሉን ዋጠችው።

“በዓይኔ አላየሁም” አለች። እዚህ ላይ ብታቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። አላቆመችም። “እስክትናዘዝ ድረስ ግን ጽዋው በሌላ ሰው ቤት ይለፍ።”

ሴቶቹ ፍርዱን ወደዱት። ማኅበሩን ያስከብራል፣ ልጅቱንም አላባረረም። አደይ ነጠላዋን በልጇ ላይ አስተካክላ፣ የደብሩን በር ተሳልማ ሄደች። የብርጓል ወደ ቤቷ ስትገባ ሆዷ እንደ እሳት ይነድ ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወተት በአፏ አልዞረም። ራሷን መቅጣቷ ነበር፤ ቅጣቱን ግን ያየላት የለም፣ ለአደይም የጠቀማት ነገር የለም።

በማግሥቱ ዘይነት በጎሕ አልመጣችም። ፀሐይ ወጥቶ መንገዱ በሰው ከሞላ በኋላ፣ ቅሏን በግላጭ ይዛ መጣች። ወሬውን ሰምታ ኖሯል። ወተቱን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ ተናገረች።

“የብርጓል፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ፀሐይወርቅ ዳግመኛ ብትጠይቀኝ ጾሜን ይዤ አልዋሽላትም። እስካሁን ዝም አልሁ፤ ዝምታዬ ግን ያችን ልጅ አስወነጀላት። ካልተጠየቅሁ ሚስጥርሽን አላወጣም። ወተቱን ግን ከእንግዲህ ተደብቄ አላመጣም።”

ዘይነት ወደ በሩ ሄደችና መለስ አለች። ኢስሀቅ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሊያመጣ ረቡዕ ጧት ወደ ዘጌ እንደሚሻገር፣ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ እንዳለው በለሰለሰ ድምፅ ነግራት ወጣች።

ማክሰኞ እንደገና ደም አስመለሳት። ረቡዕ ማለዳ ተነሥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች።

ሐይቁ የክረምት ጎርፍ ገብቶበት ከዳር በኩል ቀይ ነበር፤ ወደ መሐል ሲዘልቁ ጠራ። ኢስሀቅ ብዙ አይናገርም። ዝናቡ ሳይደርስባቸው እንደሚደርሱ ነገራትና ቀዘፈ። የብርጓል የምትናገረውን በልቧ ታሰናዳ ጀመር። መጀመሪያ ሕመሟን ትነግራቸዋለች፣ ቀጥሎ ሐኪሙ ያዘዘውን፣ ከዚያ ካድሬውና የሰዉ ነገር እንዴት እንዳስጨነቃት፤ የአደይን ነገር መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ቃል። መሐል ሐይቅ ሲደርሱ የምታደርገው ነገር ታወቃት። ንስሐዋንም እንደ ቀሚስ ለገላዋ እንዲስማማ አድርጋ እየሰፋች ነበር። በራሷ አፈረች። እንደዚያ ተሻግሬ ከምመለስ ባልሻገር ይሻለኝ ነበር አለች በሆዷ።

መምሬ አዘዘ ሰማንያ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ከቡና ዛፎቹ መካከል ካለች ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች፣ ከእግራቸው ስር ተቀመጠች፣ ከአደይ ጀመረች። ልጅቱን በዐሥር ሴት ፊት እንዴት እንዳቆመቻት፣ ጽዋውን እንዴት እንደከለከለቻት ተናገረች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወተቱ የመጣችው። ሽማግሌው አላቋረጧትም።

“ወተቱን ስንት ቀን ጠጣሽ?” አሏት ስትጨርስ።

“ስድስት ቀን፣ አባቴ። ከእሑድ ወዲህ ትቻለሁ።”

“ሆድሽስ?”

“ትናንት ደም አስመለሰኝ።”

መምሬ አዘዘ ተቆጡ። የተቆጡት ግን እሷ ባልጠበቀችው ነገር ነበር።

“ታዲያ ራስሽን ግደይ ያለሽ ማነው? ሥርዓቱ ለሕመምተኛ ይፈቅዳል። መጥተሽ ብትጠይቂኝ ያንኑ ዕለት ጠጪ እልሽ ነበር። ለምታጠባ እናትም ይፈቅዳል፤ ልጅቱ ጠጥታ ቢሆንስ ምን ነበረበት? ወተቱ ኃጢአት አልነበረም። ደብቀሽ ኃጢአት ያስመሰልሽው አንቺ ነሽ።”

የብርጓል አለቀሰች። ቀኖና እንዲሰጧት ለመነቻቸው፤ መቶ ስግደት፣ ሁለት መቶ ስግደት፣ ከፍልሰታ በኋላ ሌላ ሱባዔ፣ ያዘዟትን ሁሉ እንደምትፈጽም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“በቆሰለ ሆድ አይሰገድም። ደግሞስ ስግደቱ ላንቺ መች ይከብድሻል? ትወጂዋለሽ። ቀኖናሽ ይኸውልሽ፤ ሰው ፊት ያጠፋሽውን ሰው ፊት መልሺ። በዐሥር ሴት ፊት የፈረድሽውን በዐሥር ሴት ፊት አንሺው። አስቀድመሽ ግን ወደ ልጅቱ ሂጂ።”

የብርጓል በቀራት አንድ ምሽግ ተከለለች። ካድሬው ቢሰማ በሃይማኖቱ እንደሚሳለቅ፣ በእሷ ምክንያት ልባቸው የጸና ሰዎች እንዳሉ፣ እሷ ብትዋረድ እነሱም እንዳይሰናከሉ እንደምትፈራ ነገረቻቸው።

“በአንቺ የጸና ሰው ካለ ክፉ ቦታ ላይ ነው የጸናው” አሉ መምሬ አዘዘ። “ልቀቂው፤ የሚጸናበትን ይፈልግ።”

ይህን ብለው ባለቤታቸውን ጠሩና አጥሚት እንዲያሞቁላት አዘዙ። ገና አምስት ሰዓት አልሆነም፤ ዕለቱም ረቡዕ ነው፤ በደጁ ባለው መንገድ ሰዎች እንጨት ተሸክመው ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዱ ነበር። የብርጓል ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው እያያት፣ ጠጣች። ማንም ቆም ብሎ አላያትም። አንዱ ሰላም ብሏት አለፈ። ትኩሱ አጥሚት ወደ ሆዷ ሲወርድ ከዐሥር ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ። ስትመለስም ታንኳው ላይ፣ ኢስሀቅ የጫነውን ደንገል ተደግፋ፣ ባሕር ዳር ዳርቻ እስኪደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐሙስ ጧት ወደ ጓሮ ሄደች። አደይ ከክፍሏ ደጅ የልጇን ጨርቅ ታጥባለች። የብርጓል ቁጭ በይ ሳትባል፣ ቆማ፣ ወተቱን የጠጣችው እሷ እንደሆነች ነገረቻት።

“አውቃለሁ እትዬ” አለች አደይ፣ እጇን ከሳፋው ሳታወጣ።

“ምኑን?”

“ወተቱን። ዘይነት ስትገባም ስትወጣም በዚህ ነው የማያት። ሲያስመልስዎትም እሰማለሁ።”

“ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?” አለቻት የብርጓል።

አደይ ጨርቁን ጨምቃ አስቀመጠችው። “እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ሳይናገሩ ሲቀሩ ደግሞ፣ ታመዋል፣ ሰው አፍ ላይ አልጥላቸውም አልሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ተናደድሁብዎት። አሁንም አልበረደልኝም።”

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። የብርጓል እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል አደይ በረጠበ እጇ ብብቷን ይዛ አቆመቻት። እግሯን መሳሟ ምንም እንደማይሠራላት፣ ይልቅ በዐሥራ ስድስቱ ማኅበር እንድትናገርላት ነገረቻት። ከዚያም ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። የብርጓል ግን ከጓሮ ስትመለስ፣ ከዚህ በኋላ ያቺ ልጅ የምታውቀውና እሷ የምትደብቀው ነገር ባለመኖሩ ብቻ፣ ግቢው የሰፋ መሰላት። ዘይነት ያን ቀን ወተት ይዛ በቀትር መጣች። የብርጓል በሩን ከፍታ፣ ደጅ ላይ ቆማ ተቀበለቻት።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ፤ ማኅበሩም በፀሐይወርቅ ቤት ተሰበሰበ። አደይ ከበሩ አጠገብ፣ ተራ እንደሌለው ሰው፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ሊቆርሱ ሲሉ የብርጓል ተነሥታ፣ አንድ ነገር እስክትናገር እንዲቆዩላት ለመነች። ሴቶቹ ምክር ልትሰጥ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው አዳመጡ።

“ወተቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ” አለች። “ሐኪም አዞኝ ነው፤ እሱ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ፣ ስሜ እንዳይጎድፍ ብዬ አደይን በመካከላችሁ ማዋረዴ ነው። ጽዋው የእሷ ነው። ሙሴነቱንም ለፈቀዳችሁት ስጡት።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የብርጓል እንደቆመች ነው፤ ትቀመጥ ወይ ትውጣ ጨነቃት። መጀመሪያ የተናገሩት የማኅበሩ አሮጊት ነበሩ፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ አጠገባቸው ያለችው ሴት ነገሩን ደግማ ነግራቸው ነበር።

“ታዲያ ሆድሽ አሁን ተሻለሽ ወይ?” አሏት።

የብርጓል ለስድብ ነበር የተዘጋጀችው፤ ለዚህ አልተዘጋጀችም። “ተሽሎኛል” ለማለት አፏን ስትከፍት ልቅሶም ሳቅም ባንድ ላይ መጣባት። ሌሎቹም አብረዋት ሳቁ፤ ዓይናቸውን የጠረጉም ነበሩ።

ሁሉም ግን አልሳቀም። አንዲት ሴት፣ እንዲህ ላለች ሴት ስትታዘዝ መኖሯን አንስታ ተናግራ፣ ዳቦውን ሳትቀምስ ወጣች፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም። ፀሐይወርቅም ተቆጥታ ነበር። ልጅቱን ሰው ፊት ያቆመቻት እሷ ናት፣ ያቆመቻትም የብርጓልን አምና ነው፤ አሁን የሁለት ሰው ኃጢአት በሷ ላይ ወደቀ። ይህን እየተናገረች መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ከአደይ ፊት ተንበርክካ ትከሻዋን ሳመች። አደይ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለፀሐይወርቅ አስታቀፈቻት። ከዚህ የበለጠ ዕርቅ አላስፈለገም።

ሙሴነቱ ለአሮጊቷ ተሰጠ። እሳቸው በዚህ ዕድሜዬ ብለው አጉረመረሙ፤ ግን አልጠሉትም። ማታ ጽዋው በነጠላ ተጠቅልሎ በአደይ ጀርባ ሲታዘል ሴቶቹ እልል እያሉ በጭቃው መንገድ አጀቧት። የብርጓል ከኋላ ነበረች። ሁልጊዜ ከፊት ትሄድ ስለነበር ከኋላ ሆኖ ማጀብ እንዴት እንደሚቀል አታውቀውም ነበር። ሙሉ እንስራ ተሸክሞ አቀበት የወጣ ሰው ሲያወርድ እንደሚሰማው፣ አንገቷ ሳይቀር ቀለላት።

ካድሬው መስማቱ አልቀረም። ጳጉሜ ላይ ለአብዮቱ በዓል ዝግጅት ስብሰባ ሲጠራ፣ በሰው ሁሉ ፊት ስሟን ጠርቶ አስነሣት። በጾም ወተት እንደምትጠጣ መስማቱን፣ እንዲህ ከሆነ ባለፈው ዓመት በቅዳሴ ሰበብ ስብሰባውን ማስቀየሯ ለምን እንደነበረ እንድታስረዳ ጠየቃት። ፈገግታው ሌባን እጅ ከፍንጅ የያዘ ሰው ፈገግታ ነበር።

“አዎ ጠጣሁ፣ ጓድ” አለች የብርጓል። “ጨጓራዬ ቆስሎ ሐኪም አዞኝ ነው። ጥፋቴ ተደብቄ መጠጣቴ ነው፤ እሱንም ለማኅበሬ ተናግሬ ጨርሻለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ አሁንም ቅዳሴ እሄዳለሁ።”

ካድሬው ሌላ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ጠበቀ። የለም። ሰዉም የሚያውቀውን ነገር ነው የሰማው፤ ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ፣ የተሳቀው ግን በእሷ አልነበረም። ካድሬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሰልፉ አሰላለፍ አለፈ። የብርጓል ተቀመጠች። ወር ሙሉ ያስፈራት ነገር ያ ነበር፤ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰው ራሱ ያወጀውን ነገር ማንም መያዣ ሊያደርገው እንደማይችል ያን ቀን ገባት።

ጥቅምት ላይ ለአደይ ከባሏ ደብዳቤ መጣላት፤ እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል እንደተኛ፣ እየተሻለው እንደሆነ፣ ሲድን ፈቃድ ተሰጥቶት እንደሚመጣ ይላል። ለየብርጓል ጮክ ብላ አነበበችላት። በዚያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የቀረ ቂም አልነበረም፤ መቼ እንዳለቀ ግን አንዳቸውም አላስተዋሉትም።

የነቢያት ጾም ሲገባ የብርጓል ሐኪሙ ገና ስላላሰናበታት የመምሬ አዘዘን ፈቃድ ይዛ በላች፤ ለጠየቃት ሁሉ ነገረች። አንድ ቀን ከሰዓት ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ነፍሰ ጡር፣ ከተለካች በኋላም አልሄድ አለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ዓይኗ እየጨለመ ራሷን እየሳተች መሆኗን፣ አማቷ እንዳትሰማ ፈርታ መጾሟን፣ መምሬ አዘዘ የሚባሉት ሰው እሷንም ያነጋግሯት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። የብርጓል ድምፅሽን ምን አሳነሰው ብላ ሳቀች። በዚያው ቅዳሜ ኢስሀቅ ሁለቱን ይዟቸው ተሻገረ።

በዚያ ጾም የብርጓል ሦስት ጊዜ ዘጌ ተመላለሰች፤ በየጊዜው አንድ ሰው ይዛ። በሦስተኛው መምሬ አዘዘ ከሩቅ ሲያዩዋት ዳዊታቸውን አጥፈው፣ ባሕር ዳር ጤነኛ ሰው አልቀረም ወይ ብለው ጠየቋት። ነፍሰ ጡሯ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ተፈቅዶላት ስትመለስ፣ ታንኳው ከዳር ሳይርቅ፣ ከመቀነቷ የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ብዬ ይዤው መጣሁ አለች አፈር ብላ። ልጣ በላችው። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ የብርጓል ቅርፊቱን በመዳፏ ተቀበለቻት።